ጎንደር በብስክሌት፦ ከጎማው በፊት ካፌውን ምረጪ

ብስክሌቷን በሳጥን አስጭና ከውጭ ጎንደር የምትገባ ሴት አስቀድማ የምትጨነቀው ለዳገቱ ነው። ዳገቱስ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ሳይክሏን የት ታቁመው? ጎማው ሲተነፍስ ማንን ትጥራ? ዝናብ ሲይዛት የት ትጠለል? አምስተርዳም ላይ ለእያንዳንዱ የተሠራ ቦታ አለው። ጎንደር ላይ ግን ሁሉንም የሚሸፍነው አንድ የሰፈር ካፌ ነው። ካፌውን በደንብ የመረጠች ዓመቱን ሙሉ ትነዳለች፤ ያልመረጠች ብስክሌቷን ከወር በኋላ ሳሎን አቁማ ልብስ ታሰጣበታለች።

ምርጫው ላይ ቸኩለሽ ፒያሳ አትቀመጪ። በጣሊያን ጊዜ በተሠሩት ሕንፃዎች ሥር ተቀምጦ መንገደኛ ማየት ደስ ይላል፤ ግን ባጃጁ በረንዳው ጫፍ ድረስ ስለሚጠጋ ብስክሌት ማስደገፊያ አይገኝም። የሚሻልሽ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ፣ ደረጃው ከሦስት የማይበልጥ፣ በረንዳው ላይ ዓምድ ወይም የብረት አጥር ያለው ቤት ነው። ከምትቀመጪበት ወንበር ብስክሌቱ መታየት አለበት። ከበሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሊስትሮ ካለ ደግሞ ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል፤ መንገዱን ሲያይ የሚውል ልጅ ነው። ጫማሽን አስጠርጊው፣ ስሙን ያዢ፣ ስትሄጂ ሰላም በይው። ቁልፉን ግን አትተዪ፤ ክፈፉንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ከዓምዱ ጋር እሰሪ። የፊት ጎማ ብቻ ያሰረ ሰው የሚያገኘው የፊት ጎማ ነው።

ሌላው መለኪያ ጎሚስታ ነው። ከካፌው በእግር አምስት ደቂቃ ውስጥ ጎሚስታ ከሌለ ሌላ ካፌ ፈልጊ።

ወደ ቡናው ከመሄዳችን በፊት ግን ከውጭ ስለሚመጣው ዕቃ አንድ ነገር እንበል፤ ግማሹ ችግር የሚታሸገው እዚያው ነው። የብስክሌቱ ሳጥን እንደ አንድ ሻንጣ ሲቆጠር በአብዛኛው 23 ኪሎ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ መፍቻና መለዋወጫውን ወደ ሌላው ሻንጣ አዛውሪ። ፔዳሎቹን ስትፈቺ የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሺ፤ የግራው የሚላላው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን የረሳ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን ፈትተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከክፈፉ ውስጥ እሰሪው፤ ሲጫንና ሲወርድ መጀመሪያ የሚጣመመው እሱ ነው። ፍሬንሽ የዘይት ከሆነ ጎማውን ካወጣሽ በኋላ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ክተቺ፤ አለበለዚያ የሆነ ሰው የፍሬኑን እጀታ አንዴ ከጨበጠው ሸራዎቹ ተገጥመው ይቀራሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብስክሌት ያላችሁ ደግሞ አትልፉ፤ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ መንገደኛ በሚጭን አውሮፕላን አይገባም፤ የብስክሌት ባትሪ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ እጥፍ በላይ ነው።

ጎማን በተመለከተ ትልቁ ምክር ይህ ነው፦ ብስክሌትሽን የሰፈሩ ጎሚስታ ሊነካው ወደሚችል ደረጃ አውርጂው። ውጭ አገር ብዙው የመንገድ ብስክሌት ቀጭኑን ቫልቭ፣ ፕሬስታ የሚባለውን ይጠቀማል። የጎሚስታው መንፊያ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ስለሆነ አይገጥምም። መፍትሔው ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ ነው፤ ሦስት ይዘሽ ነይ፤ አንዱ ቫልቩ ላይ፣ አንዱ ቦርሳሽ ውስጥ፣ አንዱ ካፌው ባንኮኒ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚህ የሚሻለው ቸርኬውን አስበስቶ የመኪና ቫልቭ ያለውን ካመራዳሪ መግጠም ነው፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ 8 ተኩል መስፋት አለበት። ቀጭን የመንገድ ቸርኬ ላይ ግን አታስደርጊው፤ ይዳከማል። የጎማውን የልክ ቁጥርም አስቢበት። 26 የሚባለው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። 700 እና 29 የሚባሉት የቸርኬ ልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 622 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ ባለ 700 ከሆንሽ ለተራራ ብስክሌት የመጣ ባለ 29 ካመራዳሪ በጭንቅ ጊዜ ያወጣሻል። ማርሽም እንዲሁ፦ ከኋላ 12 ደረጃ ማርሽ ካለው ዘመናዊ ይልቅ 8 ወይም 9 ያለው ይሻላል፤ ካቴናው ወፍራም ነው፣ አቧራ ይችላል፣ ሲበጠስም ሰው ይቀጥለዋል። ለዳገቱ ከፊት 32 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 42 ጥርስ ከሆነ ቁጭ ብለሽ ትወጪዋለሽ።

ጎሚስታው ጋ ስትደርሺ ሁለት ነገር ተናገሪ። አንደኛው የንፋሱ ልክ ነው። መንፊያው ለጭነት መኪና የለመደ ነው፤ የብስክሌት ጎማ በሦስት ሴኮንድ ሞልቶ በአራተኛው ይፈነዳል። 65 ኪሎ የምትመዝን ሴት 42 ሚሊ ስፋት ባለው ጎማ ስትነዳ የኋላው 40 ፒኤስአይ፣ የፊቱ 36 ይበቃዋል። ዝናብ ዘንቦ ኮብልስቶኑ ሲያንሸራትት ከሁለቱም አምስት አምስት ቀንሺ። ሁለተኛው የመለጠፊያው መንገድ ነው። የመኪና ጎማ የሚለጠፈው በእሳት ነው፤ ጥሬ ጎማ ተደርጎ፣ በብረት ተጠፍሮ፣ ይጋላል። የብስክሌት ካመራዳሪ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ በዚህ ሙቀት ይኮማተራል፤ ከአንድ ቀዳዳ ወደ ሁለት ትሸጋገሪያለሽ። «በቀዝቃዛው በማስቲሽ ለጥፍልኝ፣ ወንድሜ» በይው።

በቀዝቃዛው ሲለጠፍም የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጥድፊያ። ካመራዳሪው ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ይዞራል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ በእስክሪብቶ ይከበባል። ይደርቅና በአሸዋ ወረቀት እስኪደበዝዝ ይፈገፈጋል። ማስቲሹ ከሚለጠፈው ቁራጭ ሰፋ አድርጎ፣ ስስ ሆኖ ይቀባል። እዚህ ላይ እጅሽን አጣጥፈሽ ቁሚ፤ አምስት ደቂቃ። በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ቁራጩ አይደረግም። በእርጥቡ የተለጠፈ ሁሉ በማግሥቱ ጠዋት ይተነፍሳል። አምስቱ ደቂቃ እስኪያልፍ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጥጥ ወይም በነጠላ ጫፍ ዙሪያውን አብሺው። ክሩ የያዘበት ቦታ እሾህ ወይም ሽቦ አለ። የግራር እሾህ ከውጭ ሲታይ የለም፤ ከውስጥ ሁለት ሚሊ ብቅ ብሎ ይጠብቃል። እሱን ሳይነቅሉ አዲስ ካመራዳሪ መክተት ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ቡናው። ቀኑ መጀመር ያለበት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ፀሐዩ ሳይከር። የማሽን ቡና ግን ማሽኑ እንደተከፈተ የሚወጣው የመጀመሪያው ስኒ መራራ ነው፤ ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረ ውሃ ነው የሚገፋው። ሦስት አራት ሰው እስኪቀድምሽ ታገሺ። ማኪያቶ ስታዢ ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ብለሽ ለዪ፤ ካልለየሽ አስተናጋጇ በፊትሽ ነው የምትወስነው። በትንሿ ብርጭቆ ሲመጣ ወተቱ ከታች፣ ቡናው መሃል፣ አረፋው ከላይ ተለይተው ካልታዩ ወተቱ ከመጠን በላይ ፈልቷል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል፤ ያኔ ጀበና ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የጀበና ቡና ሲወርድ ከውጭ አገሩ ያነሰ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው እንጂ ሴትዮዋ ቸኩላ አይደለም።

ረቡዕና ዓርብ ወተት የለም፤ በዓቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን። የምትጾሚ ከሆነ ሻይና ቡና የተደራረበበትን ስፕሪስ እዘዢ፤ ስኳሩ ለዳገት ይጠቅማል። ቅቤና እንቁላል የሌለበት ፉል ከሁለት ዳቦ ጋር ለሁለት ሰዓት መንዳት ይበቃል። በጾም ወቅት ኬክ መደርደሪያው ላይ ካየሽ መቼ እንደተጋገረ ጠይቂ።

ያው የጎንደር ከፍታ ሳንባሽም ላይ ይሠራል። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ባይሆንም ሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዙሪያው 900 ሜትር በሚጠጋው የፋሲል ግቢ አጥር አካባቢ ቀስ ብሎ መዞር ይበቃል፤ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል። ቀጥሎ አዘዞ። ከፒያሳ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲኬድ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ወደ ሁለት መቶ ሜትር የሚጠጋ መውጣት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲወርዱ በሚሰማቸው ደስታ ነው፤ ውሃቸውን አዘዞ ላይ ጨርሰው መመለሻውን በደረቅ ጉሮሮ ይወጡታል። አንድ ሊትር ተኩል ያዢ፣ ግማሹን ለመመለሻ አስቀሪ። ወደ ሰሜን ወለቃ ቅርብ ነው፤ ኮሶዬ ግን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው የዳገት መንገድ ነው፣ ብርዱም ይለያል። ከከተማ ከመውጣትሽ በፊት የዚያን ቀን የመንገዱን ሁኔታ ካፌው ውስጥ ጠይቂ፤ ከደባርቅ ወይም ከማክሰኚት ያደረ ሾፌር አንዱ ጠረጴዛ ላይ አይጠፋም። እሱ «ዛሬ ይቅርብሽ» ካለ ይቅርብሽ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘሽ አትውረጂ። ቸርኬ የሚጨብጥ ፍሬን ከሆነ ሙቀቱ ወደ ካመራዳሪው ይተላለፋል፤ መታጠፊያ ላይ ይፈነዳል። ጠበቅ፣ ለቀቅ፤ የፊቱን አንዴ፣ የኋላውን አንዴ። ባጃጅ ከፊትሽ ካለ ሁልጊዜ ሊቆም እንደሆነ ቁጠሪ፤ ተሳፋሪ ሲያይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ምልክት ካሳየ ዕድለኛ ነሽ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደግሞ ተሳላሚ መንገዱ መሃል ቆሞ ያማትባል፤ ደወል አይደወልበትም፣ ወርዶ መግፋት ነው። የቀብር ሰልፍ ሲገጥምሽም እንዲሁ፤ ወርደሽ፣ የራስ ቁርሽን አውልቀሽ፣ እስኪያልፍ ቁሚ። ጥር 10 እና 11 ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወስደው መንገድ ብስክሌት አይታሰብም።

ዳገት ላይ «አይዞሽ! በርቺ!» የሚልሽ ይበዛል። ልጆቹ ይሮጣሉ፤ አታፍጥኚ፣ አብረውሽ ይውጡ። ሽማግሌ ሲያልፉ ቀድመሽ «እንደምን አደሩ፣ አባ» በይ፤ ከሦስት ቀን በኋላ «ያቺ ባለ ሳይክሏ» ሆነሽ የሰፈር ሰው ነሽ። ያኔ ካፌው ውስጥ ሂሳብ ስትጠይቂ «ተከፍሏል» ይሉሻል። ውጭ የለመድሽውን የየራስ ሂሳብ አታንሺ፤ ብር አውጥቶ መግደርደርም አያምርም። አመስግኚና በሌላ ቀን የከፈሉልሽ ሽማግሌ ስኒ ሳያልቅ አስተናጋጇን ጠጋ ብለሽ «የአባን ከእኔ አድርጊው» በያት።

እጥበት ላይ ተጠንቀቂ። ላቫጆ ወስደሽ በኃይለኛው ውሃ ካስመታሽው ውሃው ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ይገባል፤ በወሩ መፍጨት ይጀምራሉ። ባልዲ፣ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፤ ካፌው ጓሮ ውስጥ ቢጠየቅ አይከለክልም። ካቴናውን በናፍጣ ማጽዳት ይቻላል፤ ካደረቁት በኋላ ግን ዘይት ካልተሰጠው ይዝጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀቡልሽ እምቢ በይ፤ አቧራ ይዞ አሸዋ ወረቀት ይሆናል። የስፌት መኪና ዘይት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ። መጋጠሚያው ከ110 በላይ ስለሆነ አንድ ማኪያቶ ያስጨርሳል።

ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ነድተሽ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀመጪ። ወደ ውጭ ስትመለሺና ብስክሌቱ ሲቀር ደግሞ ንፋሱን በግማሽ አውርጂ፣ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ ስቀይው፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቂው። ካቴናውን ዘይት አጥግቢ። አንደኛውን የቁልፍ መክፈቻ ለቤተሰብ፣ የነሐስ መቀየሪያውን ካፌው መሳቢያ ውስጥ ተዪ፤ የአክስትሽ ልጅ መንዳቷ አይቀርም።