በኤድመንተን የቀዳማውያን ሕዝቦች ቤተ ክርስቲያን

በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ በኤድመንተን ከተማ ማኮሊ በተባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የታነጸ የጡብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቀዳማውያን ሕዝቦች፣ ማለትም አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ ይኖሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች፣ የቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ወደ ከተማዋ የሄድሁት ዘመድ ለመጠየቅ ቢሆንም፣ እሑድን እዚያ ሳላስቀድስ መመለስ አልፈለግሁም።

ከውጭ ሲታይ በዘመኑ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ካሠሯቸው ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት አይለይም። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ከመንበሩ በስተጀርባ ረጃጅም የጥድ ምሰሶዎች፣ በሰፊው የሣር ሜዳ የኖሩት ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት በነበረው ድንኳን፣ በቲፒ አምሳል፣ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ቆመዋል፤ ካህኑ የሚቀድሰው በዚህ ድንኳን ፊት ነው።

ከቅዳሴው በፊት አንዲት አረጋዊት እናት ሴጅ የተባለውን ደረቅ ቅጠል በዛጎል ውስጥ አጭሰው፣ በላባ እያራገቡ በምእመናኑ መካከል አለፉ። ሰዉ ጢሱን በሁለት እጁ እየቀዳ ወደ ራሱ፣ ወደ ዓይኑ፣ ወደ አፉና ወደ ልቡ ያስጠጋዋል። ሽታው ከዕጣናችን ይልቅ መረር ያለ ነው፤ በጢስ ጸሎትን ማሳረግ ግን ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ፣ ተራዬ ሲደርስ እኔም በአክብሮት ተቀበልሁ። የካናዳ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1951 ድረስ ከነባር ሕዝቦች ሥርዓቶች አንዳንዶቹን በወንጀል ይቀጣ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ጢስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በይፋ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

አጥቢያው የካናዳ ነባር ሕዝቦች ብሔራዊ ደብር ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በነሐሴ 2020 በሚገባ ካልጠፋ የጢስ ሥርዓት ረመጥ እሳት ተነሥቶ ሕንጻውን ክፉኛ ጎዳው፤ ሆኖም ሥርዓቱን ለመከልከል ምክንያት አላደረጉትም፤ ሕንጻው ታድሶ በሐምሌ 2022 ተከፈተ። በዚያው ወር 25 ቀን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ጠዋት ከከተማዋ በስተደቡብ በምትገኘው ማስክዋቺስ ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ፣ ከሰዓት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተገኝተዋል።

ይቅርታው ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ነበር። ወደ 150,000 የሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ያስተዳድሯቸው ወደነበሩት ትምህርት ቤቶች ገብተዋል፤ በቋንቋቸው በመናገራቸው የተቀጡ ብዙ ናቸው፤ እዚያው ሞተው ያልተመለሱም በሺህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ እዚህ የሚደረገው አክብሮት የሚመዘነው ከዚህ ታሪክ ጋር ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ደብር ከሌሎች የሚለየው፣ የበዳዩ ቤተ ክርስቲያን መንበር ለተበዳዮቹ ሥርዓት ስፍራ በመስጠቱ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ እኒያን እናት አነጋገርኋቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስደው፣ ሲመለሱ ከገዛ አያታቸው ጋር በሕዝባቸው በክሪ ቋንቋ መግባባት አቅቷቸው እንደነበር ነገሩኝ። የጳጳሱ ይቅርታ ሲደርስ እናታቸው በሕይወት አልነበሩም። ይቅርታውን እንደተቀበሉ፣ ነገር ግን በቂ ነው ብለው እንደማያስቡ ገለጹልኝ፤ የሚፈልጉት የትምህርት ቤቶቹ መዛግብት ሁሉ ለቤተሰቦች እንዲከፈቱ፣ ያልተመለሱት ልጆች የት እንደተቀበሩ በስማቸው እንዲታወቅ ነው። እኔም ጥያቄያቸው የተገባ ነው እላለሁ፤ ከዚህ ያነሰ መልስም አይመጥናቸውም።