ወናፍ በዊሊያምስበርግ

አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ በጠዋት ተነስተን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነዳን። ዊሊያምስበርግ እ.ኤ.አ. ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። በ1926 በባለጸጋው ሮክፌለር ገንዘብ እድሳት ተጀመረላት። ዛሬ እንደ ሙዚየም ትጎበኛለች፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው በዚያ ዘመን መሣሪያና ዘዴ ይሠራሉ። ሙያውን የሚማሩት ለዓመታት ከባለሙያ ሥር ሆነው ነው።

ሁሉንም ለማየት ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር የሄድኩት። አንጥረኛው ቤት ገብቼ ቀረሁ።

ሥራው ምስማር ነው። የብረት ዘንግ ከሰሉ ውስጥ ይከታል። ወናፉ ግዙፍ ነው፣ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ፤ እጀታውን ወደ ታች ሲስበው እሳቱ ይንቀለቀላል። ብረቱ ሲግል መስፉ ላይ አድርጎ በአራቱም ጎን እያገላበጠ ይቀጠቅጠዋል። ጫፉ ሾለ። ቆረጠው፣ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ አስገባው፣ አናቱን በመዶሻ ጠፍጠፍ ጠፍጠፍ። አለቀ። ለአንድ በር ስንት እንደዚህ ያለ ምስማር እንደሚገባ አስቡት!

የከሰሉ ሽታ አያቴ አገር ወሰደኝ። እዚያ ማጭዱንም ማረሻውንም የሚሠራው አንድ ሰው ነበር። ሰዉ ሁሉ ደጁ ይመላለሳል፤ እሱን ግን ቤቱ አያስገባውም፣ «ቡዳ ነው» ይለዋል። አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። እኔ በልጅነቴ ስድቡን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁንም ያመኛል።

እዚህም የባሰ ነበር። በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ ጄምስ አንደርሰን የተባለ አንጥረኛ በዚህ ቦታ ለጦሩ መሣሪያ ሲያስጠግን፣ ከሠራተኞቹ መካከል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር፤ አብዛኛውም ባሪያ። ምስማሩ ዛሬም በር ይዞ ቆሟል፤ የብዙዎቹ ስም ግን የለም። ደብተሬ ላይ ከመዶሻው አመታት ይልቅ ይህንን አስምሬበታለሁ።

አንጥረኛው የእኛን አገር ወናፍ ጠየቀኝ። ከፍየል ቆዳ እንደሚሠራ፣ በሁለት እጅ አንዱን ሲጫኑ ሌላውን እንደሚያነሱ ነገርኩት። አልገባውም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ በባዶ እጄ አሳየሁት። መዶሻውን አስቀመጠና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። እጄን እያየ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ አብሮኝ ወነፈ።