የባጃጁ ልጅ ሶፍት

ዛሬ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በባጃጅ ስሄድ ፊታችን ያለው አሮጌ አይሱዙ ጭሱን ለቀቀብን። የባጃጁ ልጅ ሶፍት አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገና አሳየኝ። ሁለት ጥቁር ክብ። ከሰል የተጠረገበት ነው የሚመስለው። «የጠዋቱ ብቻ ነው እኮ!» አለኝ እየሳቀ።

እኔ ሳቄ አልመጣም። አፍንጫ የሚይዘው ትልልቁን ነው። ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ያለው ብናኝ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፣ ደም ውስጥም ይገባል። ልብንም አይምርም።

ሰፈር ስደርስ ደግሞ እትዬ ጎረቤታችን ቆሻሻ ከምረው ሊያቃጥሉ ክብሪት ይዘዋል! ለምኜ አስቆምኳቸው። ቅጠሉን ከጓሮ ቡናቸው ስር ደፋነው። ፌስታሉን ቆሻሻ ለሚሰበስቡት የጋሪ ልጆች ሰጠን። ለእድሩም አነሳዋለሁ አልኳቸው።

«ጭሱ እኮ ቢንቢ ያባርርልኝ ነበር» አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው።