እግሬን ከስፌት መኪናው ሳነሳ፦ የዘጠኝ ወር የዕቅበተ እምነት ልምምዴ

ዕቅበተ እምነትን፣ ማለትም ለሚጠይቅ ሰው ስለ እምነት በምክንያት መመለስን፣ በደንብ ልማር ብዬ ባለ 50 ሉክ ደብተር የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ደብተሩም ጥቂት ቅጠል ነው የቀረው። አብረን የምንማር ወንድሞችና እህቶች ነንና የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም ላካፍላችሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ወሬው ከኑሮ ውድነት ይነሳና ሃይማኖት ላይ ይደርሳል። በፊት የሚጠራጠር ሰው ሲገጥመኝ ወይ እቆጣ ነበር፣ ወይ «ዝም ብለህ እመን» ብዬ መኪናውን እረግጥ ነበር። ደብተሩ ላይ ማታ ማታ የምጽፈው ምን እንደተጠየቅሁ፣ ምን እንደመለስሁና ሰውየው ሲወጣ ፊቱ እንዴት እንደነበር ነው። የፊቱን ነገር መጀመሪያ አልጽፍም ነበር፤ ኅዳር ላይ ነው የጨመርሁት።

ያስጨመረኝ የጥቅምቱ ነገር ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ክርስትና እኮ ነጮች ለቅኝ ግዛት ያመጡት ነው» አለኝ። ይህንንስ አውቀዋለሁ ብዬ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን፣ የተጠመቀውን የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ጠቀስሁ፤ አገሩ በሙሉ ያኔውኑ የተጠመቀ አስመስዬ ተናገርሁ። ልጁ ረጋ ብሎ «ህንደኬ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው፤ መርዌ ደግሞ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናት» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ፊቱ ላይ ያየሁት የአሸናፊ ደስታ አልነበረም። አዝኖብኝ ነው የወጣው።

ገብቼ ሳነብ ልጁ ያለው የብዙ ምሁራን አስተያየት ሆኖ አገኘሁት። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር። ስለዚህ አሁን የምጀምረው ከንጉሥ ኢዛና ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሳተማቸው ሳንቲሞች በፊተኞቹ ላይ ጨረቃና ክብ አለ፤ በኋለኞቹ ላይ መስቀል ተተክቷል። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። አውሮፓውያን አፍሪካን ለመቀራመት እ.ኤ.አ. በ1884 በርሊን ላይ ከመሰብሰባቸው 1500 ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ልጁ ሌላ ቀን ሲመለስ መጀመሪያ ስሕተቴን አመንሁለት፣ ከዚያ ስለ ሳንቲሙ ነገርሁት። ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን ፈለገና አግዳሚው ላይ ሆነን አብረን አየነው።

በብዛት የሚመጣብኝ ሌላው ጥያቄ «መጽሐፍ ቅዱስን ቆስጠንጢኖስ ኒቅያ ላይ መርጦ አስጻፈው» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ325 የተደረገው ጉባኤ የተጠራው በዋናነት «ወልድ ፍጡር ነው» ባለው በአርዮስ ክርክር ምክንያት ነው። የፋሲካ በዓል አከባበርም ተነሥቶበታል። ያወጣቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር የለም። የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሮ የጻፈው አትናቴዎስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ367፣ ያውም በበዓል መልእክቱ። ይህን ሁሉ ስደረድር ግን ሰው ይሰለቻል። ይልቅ አንድ ጥያቄ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እኛ 81 መጻሕፍት እንቆጥራለን፣ ሌሎች 66 ይቆጥራሉ። አንድ ንጉሥ በአንድ ቀን ቆርጦት ቢሆን ይህ ልዩነት ከየት መጣ?» እዚህ ላይ ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

መጽሐፈ ሄኖክንም እጠቅሳለሁ፤ ግን በልክ። ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ውስጥ ደግሞ የአረማይስጡ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ይህ የእኛ ጸሐፍት ከራሳቸው እንዳልፈጠሩት ያሳያል፤ ጥንታዊ መሆኑ ብቻውን ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ አያስረዳም። ሁለቱን አደባልቄ ባቀረብሁ ቁጥር ተረትቻለሁ።

ጥር ላይ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ አንድ የኔታ ዘንድ ደብተሬን ይዤ ሄድሁ። መልሶቼን ያርሙልኛል ብዬ ነበር። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ተማሪ ቅኔ ሲነግር መምህሩ አፉን ይዞ የሚሰማው ለምንድን ነው? ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ነው። አንተ አንዱን ቤት ሰምተህ ትፈርዳለህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው መጠየቅ ሲጀምር እግሬን ከመርገጫው አነሳለሁ፤ መቀሱንም አስቀምጣለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ሰው ግን መኪናው ዝም ሲል ድምፁን ይቀንሳል፣ የያዘውንም ያወጣል።

ይህን ያወቅሁት በእህቴ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጋቢት ላይ ከገጠር መጥቶ ሱቄ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ነፍስ የሚባል ነገር እንዳለ በምን ታውቃለህ?» አለኝ። የትንሣኤውን ማስረጃ አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ አዘጋጅቼው ነበር፤ ጳውሎስ ያን መልእክት የጻፈው ከስቅለቱ ሃያ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ እንደሆነ፣ ጌታ ከታያቸው ከአምስት መቶ ከሚበዙት ወንድሞች አብዛኞቹ ገና በሕይወት እንዳሉ መጻፉን ጭምር። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። እግሬን አነሳሁና «ይህ ጥያቄ መቼ ጀመረህ?» አልሁት።

«ቦራን የሸጥን ቀን» አለኝ።

ቦራ የእርሻ በሬያቸው ነው። የተሸጠው ለአባቱ ተዝካር ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ የቀረችውን አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ እየጠመደ ያርሳል፤ የጎረቤቱ ማሳ ሳያልቅ ተራው አይደርሰውም፤ ጤፋቸውም ዘግይቶ ይዘራል። እናንተ ፊት የማልደብቀው ነገር አለ፤ ያኔ «ሰው ምን ይለናል፣ ይደገስ» ካሉት ዘመዶች አንዱ እኔ ነበርሁ።

«እውነትህን ነው፣ በደልንህ፤ እኔም አለሁበት» አልሁት። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ጸሎትና እንደ አቅም ምጽዋት እንጂ በሬ አስሸጡ እንዳላለች ነገርሁት። ከዚያ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን ከፍቼ ሰጠሁት፤ ሁለት ናስ የጣለችው መበለት ከመምጣቷ በፊት ጌታ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉት የተናገረውን። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህ እዚሁ ነበር?» አለኝ። «እዚሁ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብሁልህ» አልሁት። ስለ ነፍስ ያን ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ደብተሬ ላይ «መልስ» በሚለው ቦታ የጻፍሁት «ይቅርታ ጠየቅሁ» የሚል ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ ተመልሶ መጣ። አላመነም፤ ግን ሙሉውን ማርቆስ ጨርሶ አዲስ ጥያቄ ይዟል፤ አንደኛ ሳሙኤል 15፣ ስለ አማሌቅ ሕፃናት። «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብዬዋለሁ። የአንድምታ ትርጓሜውን ይዤ የኔታ ዘንድ ለመሄድ ቀጠሮ አለኝ። ከእናንተ መካከል ይህን ጥያቄ ልጁ ከጠየቀበት ልብ በማያንስ ልብ ያስተናገደ ካለ፣ ከመሄዴ በፊት ይጻፍልኝ።