ስምንት ወር ጨጓራ ነው ስል ከረምኩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሆድህን ይዘህ ከጎነበስክ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። «ጨጓራ ነው» ይሉሃል። እኔም ስምንት ወር ኦሜፕራዞል ስውጥ ከረምኩ። ዐቢይ ጾምን በሽሮ ሰላም ሆኜ ማሳለፌ ደግሞ ይበልጥ አዘናጋኝ። ፋሲካ ዕለት ዶሮው ገባ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ከቀኝ ጎድኔ ሥር የተነሳ ሕመም ጀርባዬን ዞሮ ትከሻዬ ላይ ወጣና እስኪነጋ አላስተኛኝም። እናቴ «በጾመ አንጀት ቅቤ ጭነህበት ነው» አለች። ስለ ቅቤው እንኳ አልተሳሳተችም። ቅባት ሲበላ የሐሞት ከረጢት ይኮማተራል፣ ጠጠር ካለበት ሕመሙ የሚነሳው ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ኮካ መሰለ። ሰገራዬ ነጣ፣ ገላዬን ሲያሳክከኝ አደረ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። አክስቴ ከመንዝ ደውላ «የወፍ በሽታ ነው፣ እዚህ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ፣ ቶሎ ና» አለችኝ። አልዋሽም፣ ልሄድ ነበር። ማታ ብርድ ብርድ ብሎኝ ትኩሳት ሲጨመርበት ግን ሆስፒታል ወሰዱኝ። አልትራሳውንዱ ከረጢቱ ውስጥ ጠጠሮች፣ ዋናው የሐሞት ቱቦ ደግሞ ሰፍቶ አሳየ። አንዱ ጠጠር ወርዶ መንገዱን ዘግቷል። ቢጫነት ከሕመምና ከትኩሳት ጋር ከመጣ ቱቦው ሳያመረቅዝ አይቀርም፣ ነገ ይታያል የሚባል ነገር አይደለም። አንቲባዮቲክ ጀምረውልኝ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ፤ 130 ኪሎ ሜትር። ሸኖ ላይ ሹፌሩ ቅቤ ልግዛ ብሎ ሲቆም፣ ያን ሁሉ ታምሜ ሳቄ መጣ።

ሆዴን ቀደው የሚከፍቱኝ መስሎኝ ነበር። «ኢአርሲፒ ነው፣ በአፍ ነው የምንገባው» አሉኝ። ካሜራ ያለው ቱቦ ጨጓራን አልፎ፣ ሐሞት ወደ ትንሹ አንጀት የሚፈስበት ቀዳዳ ጋ ይደርሳል። በዚያ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ቀለም ረጭተው በራጅ ያያሉ። የቀዳዳውን አፍ በኤሌክትሪክ ትንሽ ያሰፉትና ጠጠሩን በፊኛ ወይም በሽቦ ቅርጫት ስበው አንጀት ውስጥ ይጥሉታል። ከዚያማ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አዲስ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጃፓንና ጀርመን ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው።

ሐኪሙ ከመግባቴ በፊት ቆሽት ሊቆጣ፣ ሊደማ፣ አልፎ አልፎም አንጀት ሊበሳ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረኝ። ያኔ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ተናደድኩ። ማታ ሆዴን ሲቆርጠኝ ግን ሳላፍር ነርሷን ጠራሁ። ደም ወሰዱ፣ ቆሽቴ ትንሽ ተቆጥቶ ነበር፤ በጉሉኮስና በጾም ሁለት ቀን ቆይቶ በረደ። ዝም ብዬ ብተኛበት ኖሮ እንጃ።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጠጠር ትልቅ ስለነበር አልወጣም፣ ሐሞቱ እንዲፈስ ስቴንት የሚሉትን ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ቱቦው ውስጥ አስገብተው በሁለት ወር ተመለስ አሉኝ። ዓይኔ ነጣ፣ ምግብ ተስማማኝ፣ ቀጠሮዬን ረሳሁት። የፕላስቲክ ስቴንት ሲቆይ ይደፈናል። በአራተኛው ወር ያው ብርድ፣ ያው ኮካ፣ ያው የሸኖ መንገድ። በሁለተኛው ዙር ጠጠሩን ሰባብረው፣ ስቴንቱንም አወጡልኝ። የጠጠሩ መፈልፈያ ከረጢቱ ስለሆነ እሱንም በትንንሽ ቀዳዳ ኦፕራሲዮን አስወጣሁት፤ በማግስቱ ቆሜ ሄድኩ።

አክስቴ ግን እስካሁን «ያ ሰው አንዴ ቢያይህ ኖሮ» እያለች ነው።