ያለ ጨው ወደ ጨው መንደር

ሙኒክ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ኦስትሪያ ያለችውን የሃልሽታት መንደር ፎቶ ያላሳየኝ ሰው የለም። ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር የተለጠፉ ቤቶች፣ ከጀርባ ገደል የሚያህል ተራራ። ውድ ነው ሲሉኝ ስተወው ቆየሁ። ባለፈው መስከረም ግን አንድ ቅዳሜ ሦስት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ቆሎ ቋጥሬ ተነሳሁ።

መንገዱን ማርከሻ ዘዴ አለው። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የጀርመኖቹ ወርኃዊ ትኬት ድንበር ተሻግሮ እስከ ኦስትሪያዋ ዛልስቡርግ ይሠራል። ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ አትውጡ እንጂ ተጨማሪ ሳንቲም አትከፍሉም። እኔም የከፈልኩት ከዛልስቡርግ ወዲያ ላለው ብቻ ነው። አትናንግ-ፑህሃይም ላይ ባቡር ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ቸኩሎ አያውቅም። ባድ ኢሽል ላይ ይቆማል፤ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በጋውን ያሳልፉባት የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጁባት ከተማ ናት። እኔ በዚያ ሰዓት ዳቦዬን እየገመጥኩ ነበር።

የሃልሽታት ባቡር ጣቢያ ሃልሽታት ውስጥ አይደለም። ጫካ ውስጥ ትወርዳላችሁ፣ መንደሩ ከሐይቁ ማዶ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ጀልባ ይጠብቃችኋል፤ ሂሳቡ ከባቡሩ ለብቻ ነው። እውነቱን ልናገር? ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ቀጭኗ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት እየቀረበች፣ እየረዘመች ትመጣለች። ጀልባው ላይ ሁሉም ዝም አለ።

መሬት ስትረግጡ ግን መርካቶ ነው። ነዋሪው ስምንት መቶ እንኳ አይሞላም፤ በአውቶቡስ የሚራገፈው ቱሪስት ሰው በሚበዛበት ቀን እስከ 10 ሺህ ይደርሳል ይባላል። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የመንደሩን ግልባጭ ሠርተው ከፍተዋል፤ እሱም አላቃለለላቸውም። ከአንድ ቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቃ እንደ መስቀል እጆቿን ዘርግታ ያደገች የፍራፍሬ ዛፍ አየሁ። ቆሜ ሳያት አንዲት አሮጊት ከመስኮት ተመለከቱኝ፤ መጋረጃውን ሳብ አደረጉ። አልፈርድባቸውም።

ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ከ1200 በላይ የራስ ቅል ተደርድሮባታል። የመቃብር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ አጽሙን ያወጡና ቦታውን ለሌላ ሟች ይለቁ ነበር። ራስ ቅሉን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ከዚያ ይሳልበታል። ከስድስት መቶ በሚበልጡት ላይ ስም፣ የሐረግ ቅጠል፣ ጽጌረዳ ተስሏል። እኛም አገር አጽም ይፈልሳል፤ አበባ የሚስልበት ግን ሰምቼ አላውቅም። አስፈሪ ይሆናል ብዬ ነበር። የቤተሰብ አልበም ነው የመሰለኝ።

ወደ ጨው ማዕድኑ መግቢያው ለኪሴ ከብዶኝ ተውኩት። ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ፤ ላቤ ጠብ እስኪል። እዚህ ጨው ማውጣት ከጀመሩ 7 ሺህ ዓመት ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1846 ራምዛወር የሚባል የማዕድኑ ኃላፊ ጥንታዊ መቃብሮች አገኘና መቆፈር ጀመረ፤ እስከ 1863 ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ መቃብር ከፈተ። የአውሮፓ የመጀመሪያው የብረት ዘመን ዛሬ በዚህች ትንሽ መንደር ስም ይጠራል።

አናቱ ላይ ተቀምጬ እንቁላሌን ልጬ ስጨርስ ነው የገባኝ፤ ጨው ረስቻለሁ። ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ።

«የት ነህ ልጄ?»

«የጨው መንደር ነኝ እማዬ። ከጥንት ጀምሮ ጨው የሚወጣበት።»

«ለጨው ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የሄድከው? አፋር አትሄድም ነበር?»

ስንሳሳቅ ሰዓቱ ሄደ። ስወርድ የመጨረሻው ጀልባ አምልጦኝ ነበር። ደግነቱ የያዝኩት አልጋ ቀጣዩ ጣቢያ ኦበርትራውን ነው፤ ከሃልሽታት በጣም ይረክሳል። ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዤ አንድ ሰዓት ገደማ በእግሬ አዘገምኩ። አውቶቡሶቹ ሄደዋል፣ መንደሩ ጭር ብሏል። መብራቶቹ አንድ በአንድ ውሃው ላይ በሩ። ጀልባው ባያመልጠኝ ይህን አላይም ነበር።

በማግስቱ ስትመለሱ ከባቡሩ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ሐይቁ በዚያ ነው። ጉም መንደሩን ሸፍኖት ጉልላቷ ብቻ ትታይ ነበር። ከሱቅ የገዛሁትን ትንሽዬ የጨው ከረጢት ፈታሁና የቀረችኝ እንቁላል ላይ ነሰነስኩ።