ለ1,000 ያርድ ዒላማ ስኮፕ መምረጥና መግጠም

ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚገጠም ማጉሊያ መነጽር) ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ጊዜ ያጎላል?" ብሎ ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ። በ1,000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር፣ ነጥብ የሚያስጥለው አብዛኛውን ጊዜ የማጉላት ማነስ ሳይሆን ያዞሩትን ያህል በትክክል የማይሄድ ማስተካከያና ተንጋዶ የተገጠመ ስኮፕ ነው።

የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በተፈቀደ ሜዳ ኤፍ-ክላስ ለሚተኩሱ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ ነው። ስያሜው ከካናዳዊው ጆርጅ ፋርኳርሰን የመጣው ይህ ውድድር ተኝቶ፣ ጠመንጃን በድጋፍ ላይ አስቀምጦ፣ በስኮፕ የሚተኮስ ነው። በ1,000 ያርድ ዒላማ ላይ የ10 ነጥብ ቀለበት ስፋቱ 10 ኢንች (25.4 ሴ.ሜ) ነው፤ ውስጡ ያለው የኤክስ ቀለበት ደግሞ 5 ኢንች። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጋር የሚመዘን ነው።

መለኪያው ኤምኦኤ ነው፤ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ። በ100 ያርድ 1.047 ኢንች፣ በ1,000 ያርድ 10.47 ኢንች ይሆናል። ማነጣጠሪያውን ከፍ ዝቅ ወይም ግራ ቀኝ የሚያደርገው ማዞሪያ አንድ ጊዜ "ጠቅ" ሲል 1/4 ኤምኦኤ የሚሄድ ከሆነ በ1,000 ያርድ 2.6 ኢንች ይዘላል፤ ይህ የኤክስ ቀለበቱን ግማሽ ያልፋል። 1/8 የሚሄደው 1.3 ኢንች ብቻ ነው። ስለዚህ ለኤፍ-ክላስ 1/8 ይመረጣል። በየርቀቱ እየተዟዟሩ ለሚተኮሱ ውድድሮች ግን ብዙ ማዞር ስለሚያስፈልግ 1/8 ያዘገያል።

አሁን ወደ ማጉላት። ሜዳው ላይ በብዛት የሚታዩት ናይትፎርስ ኮምፔቲሽን 15-55×52፣ ቮርቴክስ ጎልደን ኢግል 15-60×52 እና ማርች 10-60×52 ናቸው (የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዝቅተኛውና ከፍተኛው ማጉላት፣ የመጨረሻው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው)። ሦስቱም ቱቦአቸው 30 ሚ.ሜ ነው። የፊተኛው ሌንስ 52 ሚ.ሜ ስለሆነ፣ 52ን ለ55 ስታካፍሉት ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 0.95 ሚ.ሜ ብቻ ይሆናል። በ25 ላይ ግን 2.1 ሚ.ሜ ነው። ክቡ ሲጠብ ምስሉ ይጨልማል፤ ጭንቅላት ትንሽ ሲነቃነቅም ዙሪያው ይጠቁራል። ከሁሉ በላይ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው የሚነሣው የአየር ሞገድ አብሮ ይጎላል። ጠዋት በ50 ጥርት ብሎ የታየ ዒላማ እኩለ ቀን ላይ ይቀልጣል፤ ያኔ ወደ 30 ወይም ወደ 25 ማውረድ እንጂ ዓይንን ማስጨነቅ አይረዳም። 60 ድረስ የሚሄድ ስኮፕ ስትገዙ የምታገኙት ጥቅም ጠዋትና ደመናማ ቀን ላይ ነው። ሁለት ስኮፕ በዋጋ ተቀራርበው አንዱ የበለጠ ቢያጎላ፣ ሌላው ግን ማስተካከያው የታመነ ቢሆን፣ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ውሰዱ።

መስቀለኛው መስመር በማጉላቱ ልክ አብሮ የሚሰፋበትና የማይሰፋበት ዓይነት አለ። የማይሰፋው ለኤፍ-ክላስ ይሻላል፤ መስመሩ በ55 ላይም ቀጭን ሆኖ ስለሚቀር ኤክሱን አይሸፍንም። ጉድለቱ መስመሩ ላይ ያሉት ምልክቶች ልካቸው እውነት የሚሆነው በአንድ የማጉላት ቁጥር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ከመመሪያው ፈልጋችሁ ያዙ። ክብደትም አይረሳ፦ ኤፍ-ቲአር በሚባለው የኤፍ-ክላስ ክፍል ጠመንጃው ከነስኮፑና ከነባይፖዱ (ባለ ሁለት እግር መደገፊያው) ከ8.25 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ ስኮፕ በሻንጣ መያዝ ለሚያስቡ፦ የጠመንጃ ስኮፕ በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ያለ ዕቃ ነው። እንደ ተራ ስጦታ ተጠቅልሎ አይሄድም፤ ፈቃዱን ሳያጣሩ አትንኩት።

ወደ መግጠሙ እንግባ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቦልቱ (ጥይት የሚያስገባውና የሚዘጋው ብረት) ከጠመንጃው ወጥቶ፣ በጠመንጃው የጥይት ማስገቢያ ውስጥ ጥይት የለም።

መጀመሪያ ቤዙ፤ ጠመንጃው ላይ ታስሮ ስኮፑን የሚሸከመው ሐዲድ። በ.308 ካሊበር ጥይት ከ100 ያርድ ወደ 1,000 ለመሄድ በግምት 35 ኤምኦኤ ወደ ላይ መዞር ያስፈልጋል። ከታች እስከ ላይ የሚዞርበት ጠቅላላ መጠን 55 ኤምኦኤ የሆነ ስኮፕ ከመሀሉ ወደ ላይ ያለው 27.5 ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋ ቤዝ ላይ ከተቀመጠ አይደርስም። 20 ኤምኦኤ ያዘነበለ ቤዝ ሲደረግ 47.5 ይሆናል፤ ይበቃል፣ ወደ ታችም 7.5 ይተርፋል። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ተኳሹ ይሁን። ተገልብጦ ከተገጠመ ያለውን 27.5 ወደ 7.5 ያወርደዋል፤ ይህ ስህተት ሜዳ ከደረሱ በኋላ ነው የሚታወቀው።

የቤዙን ብሎኖችና ቀዳዳዎቹን በአልኮል አጽዱ። ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) እዚህ ላይ ብቻ ይጨመራል። ስኮፑን ከቤዙ ጋር የሚይዙትን ቀለበቶች ስታስሩ ወደ አፈሙዝ ገፋ አድርጋችሁ ያዟቸው፤ በተተኮሰ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመለስ የሚደገፉበት ጎን ያ ነው። የፊተኛው ሌንስ ቤት በርሜሉን ሳይነካ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ክፍተት ከኖረ በቂ ነው።

ስኮፑን ከታችኛው የቀለበት ግማሽ ላይ አስቀምጡና ክዳኑን ሳታጠብቁ ግጠሙ። ከዚያ ማጉያውን እስከ ከፍተኛው ቁጥር አዙሩት፤ የዓይን ርቀት የሚለካው እዚያ ላይ ነው። እንደምትተኩሱበት ተኝታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን በሰደፉ ላይ አሳርፉ፤ ስትገልጡ ሙሉ ክብ ካልታየ ስኮፑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራቱት እንጂ አንገታችሁን አታስረዝሙ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የተለካ ርቀት ተኝቶ ሲተኮስ አይሠራም፤ ጭንቅላት ወደ ፊት ይቀርባልና።

ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የሚያቻኩለው ነው፤ ማቃናት። ግንበኛ የሚጠቀምበት ቱንቢ ከ25 ሜትር በላይ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ንፋስ በሌለበት። ቤዙ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ ጠመንጃውን አቃኑና፣ በስኮፑ እያያችሁ ቋሚው መስመር ከክሩ ጋር እስኪገጥም ድረስ ቱቦውን አዙሩት። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ መስመሩ ከክሩ በ1 ዲግሪ ቢዘም፣ 35 ኤምኦኤ ስታዞሩ ጥይቱ 0.6 ኤምኦኤ ወደ ጎን ይሄዳል። በ1,000 ያርድ 16 ሴ.ሜ ነው። መሀል ሊገባ የነበረው ጥይት 9 ላይ ይወድቃል፤ ጥፋቱም በንፋስ ይሳበባል። ስኮፑ ላይ የሚታሰር ትንሽ ውሃ ልክ ከተቃናው መስመር ጋር ገጥሞ ይታሰር፤ ሲተኮስ የሚታየው እሱ ነው።

ብሎኖቹን ስታጠብቁ ቱቦው ወደ አንድ ጎን መዞር ይወዳል። በመስቀል አቅጣጫ፣ ሩብ ሩብ ዙር፣ በሁለቱ ጎን ያለው የክዳን ክፍተት እኩል ሆኖ ይሂድ፤ በየመሀሉ ክሩን እዩ። የክዳን ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ (2 ኒውተን-ሜትር ገደማ) ይጠብቃል፤ ቀለበቱን ከቤዝ ጋር የሚያስረው ደግሞ ለብረት ቀለበት 65 አካባቢ ነው። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። በእጅ ስሜት አይደለም፣ ቶርክ ቁልፍ (የሚያጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ያስፈልጋል። ክዳኑ ላይ ዘይትም ሎክታይትም አይደረግ፤ ብሎኑ ስለሚንሸራተት በዚያው ቁጥር ቱቦውን አብልጦ ይጨምቀዋል። ምልክቱም የማጉያው ቀለበት ወይም የጎኑ ማዞሪያ (ምስሉን እንደ ርቀቱ የሚያጠራው) በድንገት መክበዱ ነው።

ከዚያ በዓይን በኩል ያለውን የስኮፑን ሌንስ ማስተካከል ነው። ሰማይ ላይ (ፀሐይ በሌለችበት በኩል) ወይም ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩና መስመሩን ብቻ ለአንድ ሁለት ሰከንድ አይታችሁ ዘወር በሉ። ለረጅም ጊዜ ከታየ ዓይን ራሱ ያስተካክለውና ትክክል ይመስላል። መስመሩ ባዩት ቅጽበት ከጠራ በቃ፤ ዳግመኛ አይነካም። የጎኑን ማዞሪያ ግን በየርቀቱ አስተካክሉ፤ የተጻፈበትን ቁጥር አትመኑ። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ጭንቅላታችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ መስመሩ በዒላማው ላይ ከተንሸራተተ ገና ነው።

100 ያርድ ላይ ዜሮ ስታደርጉ (ጥይቱ ያነጣጠራችሁበት ላይ እንዲያርፍ ስታስተካክሉ) በአምስት ጥይት መሀል እንጂ በአንድ ጥይት አታስተካክሉ። ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ርቀቱን በመለኪያ ሜትር ለክታችሁ 100 ያርድ ላይ ረጅም ካርቶን አቁሙ፤ በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩበት። ታች ባለው ነጥብ ላይ አምስት ተኩሱ፤ 30 ኤምኦኤ ወደ ላይ አዙራችሁ ያንኑ ነጥብ እያነጣጠራችሁ አምስት ድገሙ። በሁለቱ መሀል 31.4 ኢንች መኖር አለበት። 30.8 ከሆነ ስኮፑ ካዞራችሁት 2 በመቶ ያጎድላል፤ ይህ በ1,000 ያርድ ሰባት ኢንች ያህል ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ያው ከሆነ በባሊስቲክ ካልኩሌተሩ (የጥይቱን መንገድ በሚያሰላው) ላይ ይመዘገብና ይሠራበታል። በተለካ ቁጥር የሚለያይ ከሆነ ግን ስኮፑ ወደ ሻጩ ይመለስ። የላይኞቹ ጥይቶች ከመስመሩ ወደ ጎን ከወጡ ደግሞ ማቃናቱ አልተሳካም፤ ቀለበቶቹን ፈቱ።

ዜሮው ከሳምንት ሳምንት የሚንከራተት ከሆነ ስኮፑን ከመክሰስ በፊት የቤዙን ብሎኖች ፈትሹ፤ ቀለበቶቹ ስለሚታዩ ይጠብቃሉ፣ ከሥራቸው ያለው ቤዝ ግን ይረሳል። እነሱ ደህና ከሆኑ የሰደፉን ብሎኖች እዩ። ሁሉም ጠብቆ ከተገኘ የሚታወቅ፣ የተፈተነ ስኮፕ ተውሳችሁ በዚያው ጠመንጃ ተኩሱ፤ መንከራተቱ ከቀረ ጥፋቱ የስኮፑ ነው፣ ካልቀረ ግን በርሜሉንና ጥይቱን መርምሩ።